የአባቴ ወገብ

አባቴ አሰላ እህል በረንዳ ኩንታል ሲሸከም ኖሮ፣ ጉልበቱ ሲከዳው እዚያው ስንዴ ነጋዴ ሆነ። ወገቡ ግን ሥራ መለወጡን የሰማ አይመስልም። ጠዋት ያደርቀዋል፣ ከሰዓት ያቃጥለዋል። እሱም የማስታገሻ ኪኒን እንደ ከረሜላ በኪሱ ይዞ ይዞራል። የወገቡን ሲያስታግስ ጨጓራውን አደማው። ሐኪሙም «ከእንግዲህ ይህን ከዋጡ እኔ ጋ አይምጡ» ብሎ ተቆጣው።

ለአባቴ ከሕመሙ ይልቅ የከበደው ወንበር ላይ መስገድ ነበር። መስጊድ ውስጥ እኩዮቹ ሱጁድ ወርደው ግንባራቸውን መሬት ሲያስነኩ እሱ ከኋላ ተቀምጦ አንገቱን ብቻ ዝቅ ያደርጋል። «አላህ ቤት እንግዳ ሆኜ ቀረሁ» ይለን ነበር።

ሐኪሙ ወደ ፊዚዮቴራፒ ሲልከው እኔና እናቴ ይዘነው ሄድን። ክፍሏ ጠባብ ናት፤ ፍራሽ፣ ሁለት ወንበርና አንድ ትልቅ ኳስ አላት። አባቴ ኳሱን አይቶ ወደ እኔ ዞረ። «መርፌ የለ፣ ኪኒን የለ። ካርድ ያወጣችሁልኝ ኳስ ልታጫውቱኝ ነው?»

አግዳሚው ላይ ተራ የሚጠብቀው ሁሉ ሳቀ። ከጎበሳ ድረስ በመኪና የመጡ አንዲት እናት ብቻ አልሳቁም። በሳምንት ሁለቴ እንዲመላለሱ ተነግሯቸው ነበር። «ከጎበሳ? እዚህ የተቃናውን መኪናው መልሶ አይሰብረውም?» አሉና ነጠላቸውን አጣፍተው ወጡ። ዳግም አላየናቸውም። ነገሩ እስካሁን ያናድደኛል። ኪኒኑ በየደረሱበት አለ። እዚያው ጎበሳ አንድ ፍራሽና እንቅስቃሴውን የሚያሳይ አንድ ሰው ቢኖር ምን ነበረበት?

ባለሙያዋ ወጣት ሴት ነበረች። እስከዚያ ቀን ያየው ሐኪም ሁሉ «የት ጋ ያምዎታል?» ነበር የሚለው። እሷ ግን «አባባ፣ ሕመሙ ምን ከለከለዎት?» አለችው።

አባቴ መዳፉን ግንባሩ ላይ አደረገ። «ግንባሬን ከመሬት ከለከለኝ» አላት።

«እንግዲያው እሱን እናስመልሳለን» አለችው።

እንቅስቃሴውን ያስተማረችው ለእናቴ ነው። እናቴ ፍራሹ ላይ ተንበርክካ ወገቧን ስታጎብጥና ስታቃና በሳቅ ልትሞት ነበር። ቤት ስንገባ ግን ቀልድ የለም። ፎጣ በሙቅ ውሃ ነክራ ወገቡ ላይ ታሳርፋለች፣ ከዚያ ታንበረክከዋለች። እኛ ቤት አማርኛውም ኦሮምኛውም እንደመጣ ይወራል፤ ቁጥር ግን ለእናቴ ከኦሮምኛ ሌላ አይሆንላትም። «ቶኮ... ለመ... ሰዲ... አፉር...» እያለች ታወርደዋለች። አምስት ላይ ደርሳ «ሸን!» ስትል መዳፏን ወገቡ ላይ አድርጋ ታነሳዋለች።

«ቀስ በይ እንጂ፤ ስንዴ መሰልኩሽ?»

«ስንዴማ ብትሆን ይሄኔ ሸጬህ ነበር።»

ክረምቱ ወጥቶ ገብሱ ሲያሸት ግንባሩ መሬት ለመንካት አንድ ጋት ቀረው። እናቴ ከእሱ በላይ ቸኮለች። «የነካህ ቀን ጥራኝ፤ የትም ብሆን ጥራኝ» ትለው ነበር።

በዚያ ሰሞን እናቴ ራሷን በሻሽ ጠፍንጋ ታስር ነበር። ምን ሆንሽ ስንላት «ነፋስ መቶኝ ነው» ትላለች። ቤታችን የሚያውቀው አንድ ወገብ ብቻ ነበር፤ እሷን ሕመሙ ምን ከለከለሽ ያላት የለም። አንድ ቀን ከሰዓት ፎጣውን እየጨመቀች ወደቀች። ደም ግፊት ነው አሉን። ፎጣው ሳይቀዘቅዝ አለቀች።

በማግስቱ ቀበርናት። ለሟች የሚሰገደውን የጀናዛ ሶላት ቆመው ነው የሚሰግዱት፤ ሱጁድ የለውም። አባቴ የፊተኛው ሰልፍ ውስጥ ቆመ፣ ወንበር ያመጣለትም አልነበረም። ከስንት ጊዜ በኋላ ከሰው እኩል የሰገደው በእናቴ ጀናዛ ላይ ሆነ።

ከቀብር ስንመለስ ለቀስተኛው «ወገብህ ተቆረጠ ወንድሜ» እያለ አቀፈው። እሱ ለማንም አልመለሰም። የከሰዓቱ የአስር ሶላት ደርሶ ነበርና ጓዳ ገብቶ መስገጃውን አነጠፈ። እኔ በሩ ላይ ቆሜ አየዋለሁ። ቀስ ብሎ ተንበረከከ፣ ቀስ ብሎ ወረደ። ግንባሩ ነካ።

ተነሳ፣ ደግሞ ወረደ። የመጨረሻው ሱጁድ ላይ ግን ሳይነሳ ቆየ። ጀርባው ይንቀጠቀጥ ጀመር። ወገቡ የያዘው መስሎኝ ሮጬ ገባሁና መዳፌን እንደ እሷ አሳርፌ «ሸን» አልኩት።

ተነሳ። አሰላምቶ ሶላቱን ጨረሰና ፊቱን በጋቢው ጠረገ።

«አባ፣ ወገብዎን አመመዎት እንዴ?» አልኩት።

«ወገቤ ደህና ነው ልጄ» አለኝ። «ነካሁ እኮ። አሁን ማንን ልጥራ?»