ከካቡ የወረደችው ልጅ

«ባለሽበት ቁሚ!» ብዬ ዛሬ ከካራማራ ግርጌ የጮህኩት ጩኸት እስካሁን ጉሮሮዬን ያመኛል።

ልጅቱ የጥንት እርሻ አጥኚ ናት። ከብዙ መቶ ዓመት በፊት ሐርላ የሚባሉ የጥንት ሰዎች ያረሱትን እርከን ልትለካ ስትመጣ፣ መንገድ የማሳያት እኔ ነበርኩ።

«በድንጋይ ካቡ ላይ ብቻ ሂጂ» አልኳት። እኛ ከካራማራው ጦርነት ወዲህ የጠፋ ከብት ስንፈልግ የምንረግጠው ካቡን ነው። ፈንጂ የሚቀበረው አፈር ውስጥ ነዋ!

እሷ ግን «አባባ፣ ስፋቱን ካልለካሁ ለምን መጣሁ?» ብላ ሜትሩን እየጎተተች ወደ አፈሩ ወረደች።

ሦስት እርምጃ እንደሄደች ከእግሯ አጠገብ የዛገ ክብ ብረት አየሁ። ያኔ ነው የጮህኩት።

«ዙሪና በረገጥሽበት ተመለሺ፣ ከዱካሽ እንዳትወጪ» አልኳት። ሦስቱንም እርምጃ እየቆጠርኩ ጠበቅኳት። ሟች ባለቤቴ፣ ነፍሷን ይማርና፣ «አንተ ግትር፣ ምንም አትፈራም» ትለኝ ነበር። ዛሬ ስፈራ ባየችኝ!

እጇን ይዤ ካቡ ላይ ሳብኳት።

ቦታውን ለቀበሌ አመልክተናል። እሷ ነገም እመለሳለሁ ትላለች፤ እኔ እምቢ ብያለሁ።

በየሰፈራችሁ እናንተ የምታውቁት፣ እንግዳ የማያውቀው የማይረገጥ መሬት ካለ፣ እባካችሁ እዚህ ሥር ጻፉት። ሰው ያንብበው።