ጓሯችንን ያየው ካሜራ

ዐረብ አገር በሠራሁበት ቤት ኩሽናው ውስጥ ሳይቀር ካሜራ ነበር። ሽንኩርት ስከትፍም ሳለቅስም ያየኛል። ለምጄዋለሁና ወደ ከተማችን ወደ ሐይቅ ስመለስ አስፋልቱ ዳር ረጅም ምሰሶ ላይ ካሜራ ተሰቅሎ ባይ ምንም አልመሰለኝም። ጦርነት ያለፈበት ከተማ ነው፤ መንገዱ ቢጠበቅ ማን ይጠላል?

እናቴ ግን አልተዋጠላትም። "ይኸ ነገር ወደኛም ጓሮ ይዞራል" አለች። ጓሯችን ወደ ሐይቁ ይወርዳል፤ እሷና ጎረቤታችን የቄሱ ሚስት ሻሻቸውን አውልቀው ጠጉራቸውን የሚታጠቡት እዚያ ነው። አንድ ጧት ሁለቱ ተያይዘው ወደ ጸጥታ ቢሮ ሲሄዱ ተከተልኳቸው።

ኃላፊው ወጣት ነው፤ ከመቀመጫው ተነሣላቸው።

"ምን ልታዘዝ፣ እማማ?"

"ካሜራህ የሚያየውን አሳየኝ፣ ልጄ" አለችው እናቴ።

እምቢ የሚል መስሎኝ ነበር። ጥቂት አመንትቶ ወደ ውስጠኛው ክፍል አስገባን። ግድግዳው ላይ ባለው ሰፊ ስክሪን ሐይቁ ወለል ብሎ ታየ። ምስሉን አቀረበው። አንድ ዓሣ አጥማጅ መረቡን ይስባል፤ የግንባሩ ላብ ሳይቀር ይታያል።

"ሱብሐነላህ!" አለች እናቴ። የቄሱ ሚስት አማተበች። እኔም አፌን ይዤ ቀረሁ። ሰውየው እኮ ብቻውን ያለ ነው የሚመስለው።

"አሁን ወደኛ አዙረው" አለችው እናቴ።

አዞረው። በራችን ተከፍቶ እህቴ ጠጉሯን እያራገፈች፣ ራሷን ሳትሸፍን ወጣች። ኃላፊው አፍሮ ፊቱን ወደ መስኮቱ መለሰ።

"አየህ፣" አለች እናቴ፣ ድምጿን ከፍ ሳታደርግ፣ "አንተ ዓይንህን መለስክ። እሱ ግን አይመልስም።"

"እማማ፣ መሣሪያ የጫነ መኪና ያስያዘን እኮ ይኸው ካሜራ ነው።"

"መንገዱን ጠብቁልን፣ እንመርቃችኋለን። ገበናችንን ግን ተዉልን።"

ኃላፊው ባለሙያ አስጠራ። ባለሙያው ኮምፒዩተሩን ጥቂት ሲነካካ ጓሯችን በጥቁር ተሸፈነ።

"መልሶ የሚገልጠው ሰው አለ?" አለች እናቴ።

ኃላፊው ሊዋሻት ይችል ነበር። "አለ" አላት። "የይለፍ ቃሉን የያዘ ሰው ይገልጠዋል።"

"እውነቱን ስለነገርከኝ አላህ ይስጥህ። እንግዲያው ማን እንደያዘው ለሕዝቡ ተናገር።"

እኔ ቆሜ እናቴን እመለከታት ነበር። ፊደል ያልቆጠረች ሴት ናት አልልም፤ ቁርኣን መቅራት ተምራለች፣ ነገር ታውቃለች። ያስደነቀኝ አለመፍራቷ ነው። እዚያ ዐረብ አገር ስኖር "ይኸን አንሡልኝ" ማለት የሚቻል ነገር መሆኑ በሐሳቤም መጥቶ አያውቅም።

ልንወጣ ስንል ወደ ውጫሌ ከተማ የሚወስደውን፣ በጦርነቱ ጊዜ ጭር ብሎ የነበረውን መንገድ እንዲያሳያት ጠየቀችው። ሚኒባሶቹ ተከታትለው ሲያልፉ ብዙ ቆማ አየች።

"ይኸን እንዳታጠፉት" አለችው።

ኃላፊውም እናቴ እንዳለችው አደረገ። በከተማው ስብሰባ ላይ ተነሥቶ የይለፍ ቃሉ በእነማን እጅ እንዳለ ተናገረ። ከወደ ኋላ አንዲት ሴት እጇን አወጣች፦ "የኛም ጓሮ ይሸፈንልን!"