ያልበረደው ሬሳ

ባለፈው ጥር የእህቴ ልጅ ሰሎሞን ትርፍ አንጀቱን ኦፕራሲዮን ሊደረግ አዲስ አበባ ሆስፒታል ተኛ። ማደንዘዣ የምትሰጠው ወጣት ሐኪም ከቤተሰባችሁ በማደንዘዣ የሞተ ሰው አለ ወይ ብላ ጠየቀችን። እህቴ ደብሪቱ ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች። መልሱን የሰጠሁት እኔ ነኝ።

ደርግ ወድቆ ጥቂት ዓመት እንደሆነ ነው። አባታችን መንዝ ውስጥ፣ ዘመሮ ከተማ አጠገብ ማረሻ ይቀጠቅጥ ነበር። ገበሬው ያለ እሱ አንድ ትልም አያወጣም፤ ሚስቱ ግን በደጃችን ስታልፍ የልጇን ፊት በነጠላ ትሸፍናለች። ቡዳ ነን አሉ። ማረሻ ስንስል ዓይናችን እንዴት እንደማይበላ እስከ ዛሬ ያስረዳኝ የለም። ጌታቸው የሚባል የገበሬ ልጅ ይህን ሁሉ ንቆ፣ የእናቱን የወይዘሮ አስካለን ቃል ሽሮ ደብሪቱን አገባ።

በመስከረም፣ ገብሱ ሲያሸት፣ ከበቅሎ ወድቆ እግሩ ተሰበረ። በቃሬዛ መሐል ሜዳ ከተማ አደረስነው፤ ከዚያ በጭነት መኪና ጭቃውን እያቦካን ሆስፒታል ገባን። ደብሪቱ ነፍሰ ጡር ነበረች። በሶ ይዛለት ነበር፤ ሐኪሞቹ እንዳይቀምስ ስለከለከሉት፣ ስወጣ እበላዋለሁ ብሏት ገባ።

አልወጣም። ገና እንዳደነዘዙት መንጋጋው ገጠመ፣ ሰውነቱ ጋለ፣ ሞተ። የንስሐ አባቱ ሊገንዙት ቢሞክሩ እጆቹ አልሰበሰብ አሉ፤ አውራ ጣቶቹን ገጥመው ማሰር አቃታቸው። ሬሳ ይበርዳል፣ ከዚያ ይደርቃል። እሱ እንደጋለ ደረቀ። ወይዘሮ አስካለ ደረቱን ዳስሰው እጃቸውን ሰበሰቡ።

«ገና እየበላችው ነው» አሉ። «አርቁልኝ።»

በቀብሩ ቀን አጎቶቹ ደብሪቱን ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር በዱላ መለሷት። በመንዝ ሚስት ባሏን አላለቀሰችም ከመባል የከፋ ነውር የለም፤ እነሱ ከለከሏትና መልሰው አላለቀሰችም ብለው አሟት። ሰሎሞን እኛ ቤት ተወለደ። ለክርስትናው ከአባቱ ወገን አንድ ሰው አልመጣም።

ሐኪሟ ይህን ስትሰማ ወንበር ስባ ተቀመጠች። ጡንቻ ውስጥ ካልሲየም የሚጠራቀምበት ጎተራ አለ አለችን። በሩ ሲከፈት ጡንቻው ይኮማተራል፤ ተዘግቶ ካልሲየሙ ወደ ጎተራው ሲመለስ ይፍታታል። አንዳንድ ሰው ሲወለድ ጀምሮ በሩ እንከን አለበት፤ አንዳንድ ማደንዘዣ ሲደርስበት ተከፍቶ ይቀራል። ያን ጊዜ ሰውየው ከውስጥ ይነድዳል። በዘር ይወርዳል አለችና በአባቱ በኩል ሌላ እንዲህ የሞተ እንዳለ ጠየቀችን። አለ። የወይዘሮ አስካለ ወንድም ጥይት ሊወጣለት ተኝቶ እንዲሁ ግሎ ሞቷል፤ ያኔ ምች ነው ተባለ።

«እንግዲያው አባቱ ከገዛ እናቱ የወረሰው ይመስላል» አለች።

ማደንዘዣውን ለወጠችለት፤ ሰሎሞን በሰላም ነቃ።

ወይዘሮ አስካለ ዛሬም አሉ። ጎብጠዋል፤ ልጃቸውን እንደበላነው ግን ለጠየቀም ላልጠየቀም ይናገራሉ። አርጅተዋል፣ ብንተዋቸውስ አልኳት ደብሪቱን። የልጇን ብርድ ልብስ እያስተካከለች ነበር።

«ትስማው» አለች። «ነፍሷ ሳትወጣ ትስማው።»

ከፋሲካ በኋላ ወደ መንዝ እንወጣለን። ሽማግሌ ይቅርታ ያምርበታል ይባላል፤ እኔም ሸምግያለሁ። እውነቱን ለመናገር ግን፣ ሲነገራቸው ፊታቸውን ማየት እፈልጋለሁ።