አባቴ «እምቢ» ማለት የነበረበት ቴአትር

እኔ የተዳርኩት በቴአትር ነው። ይህን ስናገር የሚሰማኝ ሁሉ ይስቃል፤ ወሬ የማሳምር ይመስለዋል። ምን አሳምራለሁ? ጎባ፣ ትምህርት ቤቱ አዳራሽ ውስጥ፣ በወላጆች በዓል ቀን፣ ግማሹ ከተማ ቁጭ ብሎ እያየ ነው የተዳርኩት። አሥራ አምስት ዓመቴ ነበር። ስምንተኛ ክፍል ነበርኩ፤ ሰኔ ላይ የሚኒስትሪ ፈተና ወስጄ፣ አልፌ፣ መምህራን ማሠልጠኛ ለመግባት ቀን እቆጥር ነበር። ከዚያ ሌላ የምፈልገው ነገር አልነበረም።

ጎባ ያን ጊዜ የጠቅላይ ግዛቱ ዋና ከተማ ናት። ሹሙም፣ ዳኛውም፣ ጸሐፊውም እዚያ ነው። መዝናኛ ግን ከየት ይምጣ? ጥምቀት አለ፣ ጉግስ አለ፣ ሰርግ አለ፤ ከዚያ ውጭ ብርድ ነው። ስለዚህ የወላጆች በዓል ሲደርስ ከሮቤ ሳይቀር ሰው ይመጣል። ነጋዴው ሱቁን ዘግቶ፣ ገበሬው ፈረሱን ከአጥሩ አስሮ ይገባና አማርኛውም ኦሮምኛውም አዳራሹን ይሞላዋል። ቴአትር ግን ገና ያልተለመደ ነገር ነበር። ባለፈው ዓመት ሌባ ሆኖ የተጫወተ ልጅ ሱቅ በገባ ቁጥር ባለሱቆቹ እጁን እጁን ሲያዩት ከረሙ። አንዷማ እናቱን ገበያ ላይ አግኝታ «እባክሽ ልጅሽን ምከሪው» አለቻት። ይህን አይተን፣ ይህን ሰምተን ነው እንግዲህ መድረክ ላይ የወጣነው። ወይ የእኛ ነገር።

ድርሰቱን የጻፈው የአማርኛ አስተማሪያችን ነው፤ ከአዲስ አበባ የመጣ፣ ደግ፣ ሲናገር የሚቸኩል ወጣት። ታሪኩ ቀላል ነው። አንዲት ተማሪ አለች፤ ሽማግሌዎች መጥተው ለአንድ ሀብታም ልጅ ይጠይቋታል፤ አባቷ ሦስት ጊዜ ተጠይቆ ሦስት ጊዜ እምቢ ይላል። «ልጄ ትማራለች እንጂ አትዳርም!» ሲል መጋረጃው ይዘጋል፣ ይጨበጨባል፣ አለቀ። ተማሪዋ እኔ ነኝ። ሙሽራው የአንድ ጨውና ጨርቅ ነጋዴ ልጅ ነበር፤ ትምህርቱን ከስድስተኛ አቋርጦ አባቱ ሱቅ የሚሠራ። ጥግ ላይ ከመቆም በቀር አንድ ቃል አይናገርም። አስተማሪው የመረጠው ኮት ስለነበረው ብቻ ነው።

ጣጣው የመጣው በሽማግሌዎቹ በኩል ነው። መጀመሪያ ሦስት ተማሪዎች ጥጥ አገጫቸው ላይ ለጥፈው ሽማግሌ ሆኑ። በልምምድ ላይ የአንዱ ጢም ተነቅሎ አባት የሚሆነው ልጅ አፍ ውስጥ ገባና ሁላችንም ወለሉ ላይ ተንከባለልን። አስተማሪው ተናደደ። «በጥጥ አይሆንም፤ እውነተኛ ሽማግሌ አመጣለሁ» አለ። አባት የሚሆነውንም ልጅ አሰናብቶ አባቴን ለመነው። አባቴ ፍርድ ቤት ጸሐፊ ነበር፤ ውሳኔ ሲያነብ ድምፁ እስከ መንገድ ይሰማል። ሲጠየቅ ደስ አለው። ማታ ማታ እራት ከበላን በኋላ ጋቢውን አጣፍቶ እየቆመ «ልጄ ትማራለች እንጂ አትዳርም!» ሲል እኔ ከሳቄ ብዛት እንባዬን እጠርግ ነበር። እውነቱን ለመናገር፣ ከሳቁ ይልቅ ቃሉን መስማቱ ደስ ይለኝ ነበር። ከዚያ በፊት አባቴ ስለ ትምህርቴ እንዲህ ጮክ ብሎ ተናግሮ አያውቅም።

አስተማሪው ያመጣቸው ሽማግሌዎች እንዲህ የዋዛ አልነበሩም። ዋናው ሙስሊም የኦሮሞ አባት ነበሩ፤ ከጎባ እስከ ደሎ መና ደም የሚያደርቁ፣ የተጣላ የሚያስታርቁ፣ ክርስቲያኑም እስላሙም ሲያልፉ ብድግ የሚልላቸው። አስተማሪው ነገሩን ሲያስረዳቸው በትራቸውን ይዘው በጥሞና ሰሙት።

«እምቢ ይለንና እንወጣለን?» አሉ።

«አዎ አባቴ፣ ቴአትር ነው።»

«ሰው እያየ?»

«ሰው እያየ።»

ሳቁ። «ከሄድንበት እምቢ ተብለን አናውቅም። ለልጆች ትምህርት ከሆነ ግን እሺ፣ ይሁን» አሉ። ልምምድ ይምጡ ቢላቸው ግን አሻፈረኝ አሉ፤ «ሽምግልና ልምምድ የለውም» ብለው።

ቀኑ ደረሰ። ጥምቀት ካለፈ ሁለት ሳምንት ቢሆነው ነው። መድረኩ የተማሪ ጠረጴዛ ተገጣጥሞ የተሠራ ነው፤ መጋረጃው አቡጀዲ። ፊት ሹማምንቱ ተቀመጡ፤ እናቴ ሁለተኛው ረድፍ ላይ። እኔ ደብተር ይዤ ከአባቴ ኋላ ዱካ ላይ ቁጭ አልኩ። ሦስቱ ሽማግሌዎች ሲገቡ አዳራሹ ጸጥ አለ፤ እንዴት ያለ ጸጥታ! ሰው ከመቀመጫው እየተነሳ እጅ ነሳ። ያን ጊዜ እንኳ ልቤ ምንም አልጠረጠረም።

አባቴ «ተቀመጡ» አላቸው፤ ጽሑፉ ላይ ያለ ነው። «ጉዳያችን ሳይፈጸም አንቀመጥም» አሉ ትልቁ። ይህም ጽሑፉ ላይ አለ። ከዚያ መጠየቅ ጀመሩ። ጽሑፉን ተዉት፤ እንደሚያውቁት፣ እንደ ወጉ ነው የጠየቁት። ስለ ዘር፣ ስለ ጉርብትና፣ ስለ ሰላም ተናገሩ። «ልጅህን ለልጃችን» አሉ። አባቴ ዝም አለ። አስተማሪው ከመጋረጃው ኋላ «ልጄ ትማራለች! ልጄ ትማራለች!» እያለ በሹክሹክታ ይነግረዋል። ሁለተኛ ጠየቁት። አሁንም ዝም። ግንባሩ ላይ ላብ አየሁ፤ በጎባ ብርድ! ትልቁ ሽማግሌ በትራቸውን ተደግፈው ጠጋ አሉት፤ ሦስተኛ ጠየቁት። አባቴ አንገቱን ደፋ።

«ሰጥቻለሁ» አለ።

ክው አልኩ። ደብተሩ ከእጄ ወደቀ። አዳራሹ መጀመሪያ ትንፋሽ አጣ፤ ቀጥሎ ከሁለተኛው ረድፍ እልልታ ተሰማ። ማን ብትሉኝ? የገዛ እናቴ! ሌሎቹ ተቀበሏት። ሽማግሌዎቹ ቆመው መረቁ፤ ትልቁ በኦሮምኛ አንድ አንድ እያሉ ሲመርቁ ግማሹ አዳራሽ «ሃ ታኡ»፣ ግማሹ «አሜን» ይላል። የባለኮቱ ልጅ አባት፣ ነጋዴው፣ ከመቀመጫው ዘሎ መድረኩ ላይ ወጣና የአባቴን ጉልበት ሳመ። ያ ባለኮት ልጅ አፉን ከፍቶ ቀረ፤ እሱም እንደኔ ደንግጧል። አስተማሪው መጋረጃውን ሲጎትት ግማሽ ላይ ተያዘበት፤ የእኔን ፊት ግን አልጋረደውም። ሁሉም አየኝ።

እቤት ስንገባ አባቴ ይስቃል፣ «ቃሉ ጠፋብኝ» ይለኛል ብዬ ጠበቅኩ። ጋቢውን ተከናንቦ ተኛ። በሦስተኛው ቀን ከነጋዴው ቤት ሙክት ተጎትቶ መጣ። እናቴ ሙክቱን ስታይ ፊቷ በራ፤ እሷ እንደሆነች እንኳን ዘንቦባት እንዲያውም ጤዛ ናት።

«ቴአትር እኮ ነው!» ብዬ ጮህኩ። «አባባ፣ ንገራቸው እንጂ!»

«ከአፍ የወጣ አፋፍ» አለኝ አባቴ፣ ዐይኔን ሳያይ። «ሽማግሌ መርቆ፣ ሕዝብ አሜን ብሎ፣ አሁን ምን ብዬ አፌን እከፍታለሁ? ያዋርዱኛል።»

አስተማሪዬ ጋ ሄድኩ። እሱ ከኔ ብሶበት ነው የጠበቀኝ፤ «እኔ ነኝ ያበላሸሁት፣ እኔ ነኝ» ይላል እንጂ ሌላ መላ የለውም። አባቴን አዘንኩለት። በሽማግሌ ፊት ምላሱ ታስሮ ነው፣ እኔም ብሆን ምላሴ ይታሰር ነበር ብዬ አሰብኩ። እንግዲህ መፍትሔው ያለው በትልቁ ሽማግሌ እጅ ነው አልኩና በማግስቱ ትምህርቴን ትቼ በሮቤ መንገድ ወደ ሽማግሌው ቤት ገሰገስኩ።

አውድማ ላይ ነበሩ፤ ገብስ እያስወቁ። ሲያዩኝ መንሹን ጣሉና ወደ ጥላው ወሰዱኝ። እግራቸው ላይ ወድቄ «ይማሩኝ፤ አባቴ ፈርቶዎት ነው የሰጠው፤ ምርቃቱን ያንሱልኝ» አልኳቸው።

«ፈርቶኝ?» አሉ። ግራ የገባቸው ይመስላሉ። «ተነሺ፣ ተነሺ ኢንታላ ኮ፣ ልጄ። ምን ነግሮሽ ነው?»

«ምላሱ ታስሮ...»

አንዴ ገብሱን፣ አንዴ እኔን ያያሉ። «ወላሂ፣ ለሴት ልጅ የአባቷን ነገር መናገር ከባድ ነው» አሉ። «ግን አንቺ እስከዚህ በእግርሽ መጥተሻል። ሁለተኛውን ስጠይቀው ዝም ሲል ረስቶት ነው ብዬ ጠጋ አልኩት። በጆሮው ‹ዲዲ፣ እምቢ በል› አልኩት። ሦስተኛውን ከመጠየቄ በፊት ደግሜ ‹እምቢ በል እንጂ፣ አንቀየምህም› አልኩት። ዐይኔን አየኝ። አየኝና ሰጥቻለሁ አለ። የሰጠን ሰው እንዴት አንቀበልም ይባላል?»

አውድማው ዳር ቁጭ አልኩ። በሬዎቹ ሲዞሩ አያለሁ እንጂ ምንም አይሰማኝም።

«መጥቶ ቃሌን መልሱልኝ ቢለኝ ዛሬውኑ እመልስለታለሁ» አሉ። «ምርቃቱንም ወደ ትምህርትሽ አዞረዋለሁ፤ እኔም ጓደኞቼም። ለቴአትር ብለን ነው የሄድነው። ይህንኑ ብዬ ሁለት ጊዜ ሰው ልኬበታለሁ። አልመጣም።»

እንዴት እንደተመለስኩ አላውቅም። አባቴ መዝገብ እያነበበ አገኘሁት። በሩ ላይ እንደቆምኩ «ይመልሱልሃል፤ ና ብለውሃል» አልኩት። ምናልባት መልእክቱ አልደረሰው ይሆናል ብዬ ነበር፤ እስከዚያች ሰዓት ድረስ ተስፋ ነበረኝ።

«ነግረውኛል» አለኝ።

«መድረክ ላይስ? እምቢ በል አላሉህም?»

«ብለውኛል።»

«ታዲያ ለምን?»

መዝገቡን ዘጋው። «ስለማመድ ቀላል ነበር» አለ። «እዚያ ቆሜ ሳያቸው ግን ታየኝ። ሽማግሌ የተመለሰበትን ቤት እዚህ አገር ማን ደግሞ ይረግጠዋል? ትማሪያለሽ፤ ደግ። ከዚያስ? ቆመሽ ስትቀሪ ታየኝ። ያ ሁሉ ሰው ፊት እምቢ ብዬ ዕድልሽን በገዛ አፌ ልዝጋው? ፈራሁልሽ።»

«እኔን ለምን አልጠየቅከኝም? ኋላህ ተቀምጬ ነበር እኮ!»

መዝገቡን መልሶ ገለጠው። እኔ ብዙ ለመናገር አስቤ ነበር፤ ትቼው ወጣሁ። እስካሁን ስለዚያ ቀን ሳስብ የሚያስደነግጠኝ መዳሬ አይደለም፤ በዚያ ዘመን ያልተዳረ ማን አለ? የሚያስደነግጠኝ ያ ሁሉ ሰው፣ እናቴ ሳትቀር፣ እልል ሲል ከአስተማሪዬ ሌላ እምቢ እንዲል የለመነው አንድ ባዕድ ሽማግሌ ብቻ መሆኑ ነው።

ከፋሲካ በኋላ ተዳርኩ። ሽማግሌው ሰርጉ ላይ አልመጡም። ባሌ ክፉ ሰው አልነበረም፤ ኮቱን ግን ለረጅም ጊዜ ማየት አስጠላኝ። ትምህርቴን ልጨርስ ብዬ ብጠይቅ አማቴ «ሱቁን ማን ይጠብቃል?» አሉ።

የሚኒስትሪ ፈተና ዕለት ጧት ሱቁ ውስጥ ጨው እየመዘንኩ ነበር። ትምህርት ቤቱ ከኛ ብዙ አይርቅም። አባቴ ወደ ፍርድ ቤት ሲሄድ ጎራ አለ፤ ከሰርጉ ወዲህ ብቻውን ሲመጣ የመጀመሪያው ነው። ሰላምታ ሰጥቶኝ ሳይጨርስ የፈተናው ደወል ተደወለ። ሁለታችንም ሰማነው። ባርኔጣውን አወለቀ፤ ደረቱ ላይ ይዞት ቆመ፤ የሆነ ነገር ሊለኝ ፈለገ።

«ስንት ኪሎ ልመዝንልህ?» አልኩት።