ዱባዋን የጠቆምኩበት ጣት

የዱባ ቅጠል ጀርባው ሻካራ ነው። ክንድሽን ሲነካሽ ትንሽ ይለበልባል፣ ሲታሽ ደግሞ የእርጥብ አፈርና የጥሬ አተር ሽታ አለው። ሌላው ሰው ያንን ሽታ ሲሸተው ክረምቱ ሊያልቅ ነው ብሎ ደስ ይለዋል። እኔ ግን ጣቶቼን አጥፎ የመደበቅ አመል አለብኝ። ደመወዝተኛ ሆኜ፣ የልጅ እናት ሆኜም አልተወኝም። ሳቂብኝ ግዴለም፣ ግን ስሚኝ።

መካነ ሰላም ዳር፣ ከቤታችን ጀርባ፣ እናቴ ጓሮ ነበራት። ጎመን፣ ነጭ ሽንኩርት፣ ጤና አዳም፣ አጥሩን ይዞ የሚወጣ ዱባ። ክረምቱን ሙሉ ጎመኑ ላይ አመድ እየበተንኩ፣ ዶሮ እያባረርኩ ከሥሯ አልጠፋም ነበር። በዚያ ዓመት እርጉዝ ነበረች። ከእኔ በኋላ ሁለት ጊዜ ፅንስ ወርዶባታል፤ ስለዚህ ስለ ሆዷ ደፍሮ የሚያወራ አልነበረም። እሷ ብቻ እየኮተኮተች፣ «መስከረም ይጥባ እንጂ፣ ዱባችንም ይደርሳል፣ ወንድምሽም ይመጣል» ትለኝ ነበር። እኔ ሁለቱን አንድ አደረግኳቸው። ማን ነጣጥሎ ነገረኝና።

በእኛ ዘንድ ለጋ ዱባ በጣት አይጠቆምም። ጣት የተቀሰረበት ፍሬ ይረግፋል። ማሳየት የፈለገ ጣቱን አጥፎ በጡጫው ያሳያል፣ አለዚያም በአገጩ። ይህን ሳላውቅ ቀርቼ አይደለም። በእንዲህ ያለው ነገር የሚስቀው አባቴ እንኳ ዱባው አጠገብ ሲደርስ እጁን ኪሱ ይከት ነበር።

ነሐሴ ላይ ዝናቡ ቆም ባለ አንድ ቀን፣ እናቴ ወፍጮ ቤት ሄዳ ሳለ፣ ጓደኛዬ መጣች። እሷ ቤት ዱባው አበባ ብቻ ነበር። የእኛ ግን አንዲት ፍሬ ይዟል፣ ቡጢ የምታህል፣ ጠል ያረፈባት። ኩራት አናቴ ላይ ወጣና ቅጠሉን ገልጬ፣ «ያቻትና» አልኩ፣ በጣቴ ቀጥ አድርጌ።

ጓደኛዬ እጇን ወደ ኋላዋ ደበቀች። «በቃ፣ ረገፈች» አለች።

ማርከሻው እሱ ነው ይባላልና ጣቴን ነክሼ እንትፍ አልኩ። አሥሩንም ነከስኳቸው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ጠዋት ጠዋት ፊቴን ሳልታጠብ ጓሮ እሮጥ ነበር። ጉሙ አጥሩ ላይ ተኝቶ፣ ጭቃው በእግር ጣቶቼ መሀል እየገባ፣ ቅጠሉን ገልጬ መኖሯን አይ ነበር። በአራተኛው ቀን ጫፏ ቢጫ ሆነ። በሳምንቷ ስነካት እጄ ላይ ቀረች፣ ለስልሳ፣ ከሥር ውሃ ቋጥራ። ጤና አዳሙ ሥር ቆፍሬ ቀበርኳት። ለማንም አልተናገርኩም። እናቴ፣ «ዱባዬን ምን በላብኝ?» ስትል፣ «አይጥ ይሆናል» አልኩ፤ ዓይኔ ግን ሆዷ ላይ ነበር። ስትቀመጥ አያታለሁ፣ እንስራ ስታነሳ አያታለሁ። ወገቧን ከያዘች ምግብ አልቀምስም።

መስከረም ጠባ። አደዩ ፈካ፣ የሰፈሩ ልጆች ጣታቸውን የሚያቀሉበትን እንሶስላ ሊቆፍሩ ወረዱ። እኔ አልሄድኩም። በዚያው ሳምንት፣ ረፋድ ላይ፣ እናቴን ምጥ ያዛት። አዋላጇ ጎረቤታችን መጡ፣ «አላህ ያግራልሽ» እያሉ ገቡ፣ በሩ ተዘጋ። እኔ የዱባው ቅጠል መሀል ገብቼ ቁጭ አልኩ። እልልታ ነበር የምጠብቀው። ፀሐይዋ ትሞቃለች፣ ንቦቹ አበባው ውስጥ ያጉረመርማሉ፣ እኔ ደግሞ አሥሩንም ጣቶቼን ቂጤ ሥር አድርጌ ተቀምጬባቸዋለሁ። እልልታው አልመጣም። በመጨረሻ የአዋላጇ ድምፅ ቀስ ብሎ ተሰማ። «አብሽሪ ልጄ፣ አንቺ ተርፈሻል።»

ወንድ ነበር። አላለቀሰም።

ከዚያ በኋላ ተማርኩ፣ ደሴ ደርሼ ተመለስኩ፣ አገባሁ። ወንድሜን የገደልኩት እኔ ነኝ የሚለውን ግን ለባሌ እንኳ አላወጣሁም። የሰው ሳቅ ፈርቼ ይሁን እውነት ነው እንዳይሉኝ ፈርቼ፣ እኔም አላውቅ።

ዘንድሮ እናቴ እኔ ጋ ናት። አርጅታለች፣ ጓሮዬን ግን እሷ ናት የምታዝበት። ባለፈው ሳምንት አብረን ስንኮተኩት ትንሿ ልጄ ከኋላችን፣ «እማ፣ ዱባ» አለች። ዞር ስል ጣቷ ተቀስሯል። ምን እንደነካኝ እንጃ፣ ዘልዬ እጇን ያዝኩና እንድትነክሰው ጣቷን ወደ አፏ ወሰድኩት። ልጅቷ ደንግጣ አለቀሰች።

እናቴ መኮትኮቷን አቆመች።

«ጤና አዳሙ ሥር ያገኘኋትን ዱባ የቀበርሻት አንቺ ነሽ» አለች። ጥያቄ አልነበረም።

የልጄን እጅ ለቀቅኩት።

«ያኔ እኮ ቀድሜሽ የጠቆምኩባት እኔ ነኝ» አለች፣ ፊቷን ወደ አጥሩ አዙራ። «ለአዋላጇ ሳሳያት። ደግሞስ ዱባና ልጅ ምን አገናኘው? እስከ ዛሬ ይህን ይዘሽ ነው?»

እናቴ ውሸት አታውቅም። ፊቷን አዙራ ስታወራኝም አይቻት አላውቅም። ቀና ብላ ልጄን በአንድ እጇ አቀፈች፣ በሌላው ጣቷን ቀጥ አድርጋ ወደ ለጋዎቹ ዱባዎች ቀሰረች። «ነይ እንቁጠራቸው የኔ ልጅ። አንድ። ሁለት። ሦስት።» ልጄ ከእንባዋ መሀል ሳቀች። እኔም ሳቅኩ፣ ከዚያ ተቀምጬ አለቀስኩ።

በማግስቱ ገና ሲነጋ፣ ፊቴን ሳልታጠብ ጓሮ ወጣሁ። ጉሙ አልተገለጠም። እናቴ ቀድማኝ ወጥታ ነበር። አጎንብሳ ቅጠሉን በክርኗ ገለጥ አድርጋ ፍሬዎቹን ታያለች፤ ጣቶቿን ነጠላዋ ውስጥ ሸሽጋቸዋለች።