ጥቅም ያለው ይውጣ

እህቴን ሰፈሩ የሚያውቃት «ማበጠሪያ» በሚለው ቅጽል ስሟ ነው። ፀጉር ሠሪ ስለሆነች ብቻ አይምሰላችሁ። አንድ የተቋጠረ ነገር እጇ ከገባ እስኪፈታ ድረስ ትጎትተዋለች፤ ባለቤቱ «ኧረ አመመኝ!» ቢል እንኳ አትለቀውም። እኔ ታናሿ ነኝ። በአንድ ፀጉር ቤት እንሠራለን፤ እኔ አጥባለሁ፣ እሷ ትሠራለች፤ እሷ ታወራለች፣ እኔ እሰማለሁ። ሥራው የተከፋፈለው እንዲህ ነው፤ ማንም አማክሮኝ አያውቅም።

የከተማው መናፈሻ ኮሚሽን ከነዋሪው መካከል አንድ ተራ ሰው በአባልነት ሲፈልግ ሰዎች የእሷን ስም የሰጡት፣ እኔ እንደሚመስለኝ፣ ለጥቂት ሰዓት እንኳ ጆሯቸው እንዲያርፍ ነው። ኮሚሽኑ ስለ ዛፉ፣ ስለ አግዳሚ ወንበሩና ስለ መዋኛ ገንዳው የሚወስን ነው፤ ደመወዝ የለውም፣ የታሸገ ውሃ ብቻ ያቀርባል። እህቴ ግን ለመጀመሪያው ስብሰባ ሚኒስትር የሆነች ያህል ለብሳ ሄደች። ነገሩ ሁልጊዜም የምትለብሰው እንዲያ ነው። ጫማዋ ያብለጨልጫል፣ ፀጉሯ ከደንበኞቿ ሁሉ ያምራል፣ ቤቷ ውስጥ ምን እንዳለና ምን እንደጎደለ ከፊቷ ላይ ያነበበ ሰው የለም። «ገመና የቤት ነው» ትላለች።

ገብታ ብዙም ሳትቆይ ከአባላቱ አንዱ የሆነው ኮንትራክተር ላይ ተነሳችበት። የመናፈሻው አጥር ጉዳይ ቀርቦ ነበር፤ አጥሩን ለመሥራት ከተወዳደሩት አንዱ ደግሞ የኮንትራክተሩ የእህት ልጅ ነው። በደንቡ መሠረት በቀረበው ጉዳይ ጥቅም ያለው አባል ይህንኑ ተናግሮ ከአዳራሹ መውጣት አለበት። እስከዚያ ቀን ደንቡን ሁሉም ያውቀው ነበር፤ የፈጸመው ግን አልነበረም። እህቴ ብድግ ብላ «ጌታዬ፣ የእህትዎ ልጅ ጎበዝ ነው ይባላል፤ እግዜር ያሳድግልዎ። በሩ ግን በዚያ በኩል ነው» አለችው። ሰውዬው ፊቱ ከሰል መስሎ ወጣ። ከዚያ ወዲህ «ጥቅም ያለው ይውጣ» የሚለው የእሷ መፈክር ሆነ፤ ኮንትራክተሩም በደግ ዓይን አይቷት አያውቅም።

አሁን ወደ ባሏ ልምጣ። እኔ ጋሼ ነው የምለው፤ ቀለም ቀቢ ነበር። ሕንፃ ሲቀባ ከመወጣጫው ላይ ወድቆ ወገቡና ቀኝ እግሩ ከተጎዳ ወዲህ የሚሄደው በምርኩዝ ነው፤ ምርኩዝ ይዞም ከመኝታ ቤት ሳሎን እስኪደርስ ላብ በላብ ይሆናል። አንድ ቦታ ብቻ የድሮው ጋሼ ይሆናል፤ ውሃ ውስጥ። በመናፈሻው ገንዳ፣ ጥልቀት በሌለው በኩል፣ ውሃው ደረቱ ድረስ ሲይዘው ምርኩዙን ዳር ላይ ጥሎ ይራመዳል። አይዋኝም፤ ማዶ ደርሶ ይመለሳል፣ ደግሞ ይሄዳል። የሚከታተለው የሕክምና ባለሙያ «ይሄን እንዳያቋርጥ። ካቋረጠ እግሩ ይደርቃል፤ ከደረቀ በኋላ መመለሱን እንጃ» ብሎ ለእህቴ በግልጽ ነግሯታል።

ገንዳው ታድሶ መግቢያው ሲወደድ ጋሼ መሄድ አቆመ። ጭቅጭቅ እንኳ አልተነሳም፤ ባልና ሚስት ተያዩና ተግባቡ። አንዷ ደንበኛ «ባልሽ ደህና ነው? ገንዳው ጋ አጣነው» ስትላት እህቴ ቢጎዲን እየጠቀለለች «ሰለቸው እባክሽ። ወንድ መቼም ዛሬ የወደደውን ነገ አይፈልግም» ትላታለች። ፀጉር ማድረቂያው ካስክ ውስጥ ያሉት ሴቶች ይስቃሉ። እኔ ሻምፑዬን አረፋ አደርጋለሁ። የሰው ፊት እሳት ነው፤ እህቴ ደግሞ እንኳን እሳቱ ጭሱም እንዲነካት አትፈልግም።

በዚህ መሃል ነው ኮሚሽኑ ሁለት ጉዳዮች ሊያይ መሆኑ የተሰማው። አንዱ መናፈሻው በር ላይ የሚቆም ትልቅ ቅርጻ ቅርጽ ሲሆን፣ ሌላው መክፈል ለማይችሉ ነዋሪዎች የመዋኛና የስፖርት ክፍያ ድጋፍ ነው። በጀቱ ለሁለቱም አይበቃም፤ ትልቁ ቅርጽ ከቆመ ለድጋፉ የሚተርፍ ነገር የለም። እህቴ ከየአባሉ ጋር ተነጋግራ፣ አንዱን በልመና አንዱን በቁጣ አሳምና «በአንድ ድምፅ ብልጫ እናሸንፋለን» አለችኝ። ያቺ አንዷ ድምፅ የራሷ ነበረች።

በስብሰባው ዕለት ጠዋት ሻምፑ ልገዛ በመናፈሻው በኩል ሳልፍ ጋሼን አየሁት። ከገንዳው አጥር ውጭ አግዳሚ ላይ ተቀምጦ፣ አገጩን ምርኩዙ ላይ አስደግፎ ውሃውን ያያል። በየጠዋቱ በየጥጉ እያረፈ እዚያ የሚደርሰው ለእህቴ «ጓደኛዬ ጋ ካርታ ልጫወት» እያላት ነው። ያላየሁት መስዬ አለፍኩ። አጠገቡ ቆሜ ብጮህም የሚሰማኝ አይመስለኝም ነበር፤ ልቡ ሁሉ ውሃው ውስጥ ነው።

ተመልሼ ለእህቴ ነገርኳት። ማበጠሪያውን አስቀመጠች።

«ሰለቸው ሰለቸው ስል እኔም ራሴ ማመን ጀምሬ ነበር እኮ» አለች።

ከዚያ በኋላ እስከ ሥራ መውጫ ቃል አልተነፈሰችም። እህቴ ስታወራ ታደክማለች፤ ዝም ስትል ግን ታስፈራለች።

ስብሰባው ከሥራ በኋላ በማዘጋጃ ቤቱ አዳራሽ ተጀመረ። አባላቱ ከፊት ረጅሙ ጠረጴዛ ላይ፣ እኛ ሕዝቡ ከኋላ ተቀመጥን። ጠረጴዛው መሃል የቅርጹ ናሙና አለ፤ ከጄሶ የተሠራ የተዘረጋ እጅ፣ መዳፉ ወደ ላይ። ቀራፂው ቀጭን፣ ድምፁ የማይሰማ ሰው ነው፤ ስለ ለጋስነት፣ ስለ አብሮነት አስረዳ። ሰብሳቢው፣ ክራቫቱን በሙቀትም የማይፈታ ጡረተኛ የትምህርት ቤት ዳይሬክተር፣ ናሙናውን እንደ ልጁ እያየ ራሱን ይነቀንቃል። እህቴ እጇን አወጣች።

«አቶ ሰብሳቢ፣ አንዲት ጥያቄ አለችኝ። ይሄ እጅ የሚሰጥ ነው ወይስ የሚለምን?»

አዳራሹ ሳቀ። ቀራፂው ግን አልተቀየመም። ናሙናውን ወዲያ ወዲህ አዙሮ አየና «እውነቱን ለመናገር፣ እኔም እንጃ» አለ። ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ ወደድኩት።

ድምፅ ከመሰጠቱ በፊት ጸሐፊው እንደ ወትሮው ጠየቀ። «በክፍያ ድጋፉ ጉዳይ ላይ ጥቅም ያለው አባል አለ?»

ከጠረጴዛው ጫፍ ጡረተኛው ዳኛ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። እሳቸው ንግግር ሲጀምሩ ከሩቅ ነው የሚነሱት፤ «ነገሩን ከሥሩ ለማየት ያህል» ካሉ አዳራሹ ሁሉ ስልኩን ያወጣል። ዛሬም «ነገሩን ከሥሩ ለማየት ያህል፣ ለመሆኑ ጥቅም ስንል ምን ማለታችን ነው?» ብለው ጀመሩ። ማንም አልሰማቸውም። እኔም እህቴን ነበር የማየው፤ ምክንያቱም ያን ጊዜ ነው ነገሩ የገባኝ። እሷም ያን ጊዜ የገባት ይመስለኛል።

ድጋፉ ከጸደቀ ከመጀመሪያዎቹ ተጠቃሚዎች አንዱ ጋሼ ነው። ጥቅም ማለት ይሄ ካልሆነ ሌላ ምን ሊሆን ነው? ዓይኗን በጨው አጥባ ብትቀመጥ ማን ያውቅባታል? «ሰለቸው» ብላ ከተማውን አሳምናለች። ከወጣች ግን ድምፁ እኩል ለእኩል ይሆናል፤ እኩል ሲሆን የሚለየው ሰብሳቢው ነው፤ ሰብሳቢው ደግሞ ልቡ ከጄሶው እጅ ጋር ነው። ከኋላ ሆኜ ጭንቅላቴን ነቀነቅሁላት። ተቀመጪ! አጥር ጥግ ተቀምጦ ውሃ የሚያየውን ሰው አስቢ!

ተነሳች።

«እኔ አለኝ» አለች። ድምፁ ፀጉር ቤት የማውቀው የእሷ ድምፅ አይመስልም። «ባሌ ገንዳው ሰለቸው እያልኩ ነበር። አልሰለቸውም። መክፈል አቅቶን ነው የቀረው።»

ቦርሳዋን አነሳች። ኮንትራክተሩ አጠገብ ስትደርስ ቆም ብላ «በሩን አውቀዋለሁ፤ ለእርስዎም ያሳየሁዎት እኔ ነኝ» አለችውና ወጣች።

ተናደድኩ። ማልቀስም አማረኝ፣ ግን መናደዱ ቀደመ። አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም ይባላል፤ እሷ ግን እያወቀች፣ በሙሉ አእምሮዋ፣ የባሏን እግር ለደንብ አሳልፋ ሰጠች።  የሚሰማው «ከሥሩ ስናየው እንግዲህ» የሚለው የዳኛው ድምፅ ብቻ ነው።

ከዚያ ወንበር ሲገፋ ሰማሁ። ኮንትራክተሩ ቆሟል።

«እኔም አለኝ» አለ። «ማሽኖቼን ከሸጥኩ ቆየሁ፤ የቀረኝ ይሄ ኮት ነው። ሴት ልጆቼ ከዋና ቡድኑ የቀሩት እንደምለው ጥናት በዝቶባቸው አይደለም።»

ወደ በሩ ሄደ። ፋርማሲስቷ፣ ሽቶዋ ከእሷ ቀድሞ የሚገባው ሴትዮ፣ መነጽሯን አወለቀች። «ሰው ሁሉ ፋርማሲው የኔ ይመስለዋል። ተቀጣሪ ነኝ» ብላ ተከተለችው። ከዚያ በኋላማ ወረፋ ሆነ። አንደኛው አባል ጉልበቷን የሚያማትን እናቱን ጠቅሶ ወጣ፣ አንደኛዋ የልጅ ልጆቿን። በመጨረሻ ሰብሳቢው ራሱ ተነስቶ «እንግዲህ እኔም ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ…» አለና ሳይጨርሰው ወጣ።

ከፊታችን የቀሩት የጄሶው እጅ፣ ጸሐፊውና ዳኛው ናቸው። ዳኛው ባዶ ወንበሮቹን ቃኙ፣ እንደማይገርማቸው ሁሉ ቀጠሉ። «ስለዚህ ደንባችን የሚለው፣ ለነዋሪው ሁሉ እኩል ክፍት የሆነ ነገር እንደ ግል ጥቅም አይቆጠርም ነው። አለዚያማ መናፈሻ የሚገባ ሰው ስለ መናፈሻ አይወስንም እንደ ማለት ነዋ! በዚህ ጉዳይ ማንም መውጣት አያስፈልገውም። ለማለት የፈለግሁት ይህንኑ ነው» ብለው ውሃቸውን ተጎነጩ።

ጸሐፊው ደንቡን ገልጦ አየና አፉን እንደከፈተ ቀረ። እኔ መጨረሻውን አልጠበቅሁም፤ ሮጥኩ።

ኮሚሽኑ በሙሉ ኮሪደሩ ላይ ግድግዳ ተደግፎ ቆሟል። ፋርማሲስቷ ለእህቴ ሶፍት እየመዘዘች ትሰጣታለች። ሰብሳቢው ክራቫቱን ፈትቶ ኪሱ ከቶታል፤ ያለ ክራቫት የሰው አባት ይመስላል። ኮንትራክተሩ «እኔ እኮ አንቺ የደላሽ መስለሽኝ ነው የተቀየምኩሽ» ይላታል፣ እህቴ አፍንጫዋን እየጠረገች «እኔስ እርስዎን! ያንን ኮት አይቼ!» ትለዋለች። ከባድ ዕቃ ተሸክሞ ቆይቶ እንዳወረደ ሰው ሁሉም ትከሻው ወርዷል።

«ግቡ!» አልኩ እያለከለክሁ። «ጋሽ ዳኛ ጨረሱ!»

«ምኑን ነው የጨረሱት?» አለ ሰብሳቢው።

«ንግግራቸውን! ለሁሉም ክፍት የሆነ ነገር ጥቅም አይባልም አሉ። ደንቡ ላይ አለ። መውጣት አልነበረባችሁም!»

እርስ በርስ ተያዩ።

«ታዲያ ገመናችንን በነፃ ነው የዘረገፍነው?» አለች ፋርማሲስቷ።

መጀመሪያ የሳቀችው እህቴ ናት። ግድግዳውን ይዛ፣ እንባዋ የተኳለችውን እየወሰደው፣ ትንፋሽ እስኪያጥራት ሳቀች። ኮንትራክተሩ ተከተላት፤ ሁለቱ አንድ ላይ ሲስቁ አያለሁ ብዬ በሕልሜም አላሰብኩም። «ይሄን ሽማግሌ አንድ ቀን እንኳ ከመጀመሪያው ብንሰማው ምን ነበረበት!» ይላል ሰብሳቢው ጭንቅላቱን ይዞ። እኔም እፎይ አልኩ።

ተመልሰው ሲገቡ ሕዝቡ ቆሞ አጨበጨበ። ክርክር የሚባል አልተነሳም፤ የሁሉም እጅ ወጣ። እህቴ ግን እህቴ ናትና አንድ ነገር ሳትጎትት አልተወችም። ድጋፍ ያገኘውም ከኪሱ የከፈለውም አንድ ዓይነት ቲኬት እንዲይዝ፣ በር ላይ ማንም «አንተ የትኛው ነህ?» እንዳይባል አስወሰነች። ቀራፂው ስለ ቅርጹ ሲጠየቅ «መጠኑ ይነስ፣ የተረፈው ገንዘብ ይበቃዋል፤ በሩ ላይ ከሚቆምም ገንዳው ዳር ቢሆን እመርጣለሁ» አለ።

ቤት ስንደርስ ጋሼ ሬዲዮ እያዳመጠ ነበር። እህቴ ጫማዋን ሳታወልቅ ሁሉንም ነገረችው፤ የጸደቀውንም፣ በሰው ፊት ያለችውንም። የሚቆጣ መስሎኝ ወደ በሩ ጠጋ አልኩ። ሬዲዮውን አጠፋ።

«ሰለቸው ያልሽው ውሸት መሆኑን እንግዲህ ሁሉም አወቀ?» አላት።

«አወቀ።»

ምርኩዙን ግድግዳው ላይ አስደገፈና «ተመስገን» አለ። «ካርታ መጫወት እኮ አልችልም።»

አሁን ቅርጹ፣ ያ የተዘረጋ እጅ፣ ገንዳው ዳር ቆሟል፤ ቁመቱ ከሰው ወገብ አያልፍም። ልጆች መዳፉ ላይ ይቀመጣሉ፣ ፋርማሲስቷ ፎጣዋን ታሰጣበታለች፣ ጋሼም ምርኩዙን የቅርጹ አውራ ጣት ላይ ያንጠለጥላል። ይስጥ ይለምን ግን እስከ ዛሬ አልለየንም።

ጋሼ ወደ ውሃው በተመለሰበት ቀን ቅርጹ ገና አልተተከለም ነበር። እህቴ ፀጉር ቤቱን ዘግታ፣ እሷ በሥራ ቀን መዝጋት የማታውቀው ሴትዮ፣ አብረን ሄድን። ከደንበኞቻችን ግማሹ እዚያ ነበሩ። ጋሼ ብረቱን ይዞ ደረጃውን ወረደ። እግሩ እምቢ አለው፤ ብረቱን እንደያዘ ቆመ። እህቴ ክንዴን ጨምድዳ ያዘችኝ። ቆይቶ ብረቱን ለቀቀ። አንዴ ተራመደ፣ ደገመ፣ ከዚያ ውሃውን በደረቱ እየገፋ ማዶ ደረሰና ዞረ።

«አንቺ!» ብሎ ተጣራ፣ ገንዳው በሙሉ እስኪሰማው።

«አቤት!»

«ሰለቸኝ!»

ሴቶቹ በሳቅ ፈነዱ። እህቴ በዚያ በሚያብለጨልጭ ጫማዋ እርጥቡን ረግጣ ውሃው አፋፍ ድረስ ሄደች። እንባዋን የሚያይባት ሰው መኖሩ ጭራሽ ትዝ አላላትም።

«ተመለስና እንደገና ይሰልችህ!» አለችው።

ተመልሶ መጣ።