ከወልድያ የመጣው ድራይቨር

ትናንት የልጄን የድሮ ሱቅ ልንለቀው ስናጸዳ፣ ከመደርደሪያው ጀርባ አንዲት ፍላሽ ወደቀች። ያሰርኩባት ጥቁር የማተብ ክር አልተፈታም። አንስቼ አቧራዋን ስጠርግላት የዚያ ዘመን የቀለምና የአዲስ ወረቀት ሽታ መጣብኝ።

ልጄ ሰናይት አሥረኛ ክፍል ጨርሳ፣ ኮምፒውተር ተምራ፣ እዚሁ ላሊበላ ጠባብ ቤት ተከራይታ የጽሕፈት ሥራ የጀመረችበት ጊዜ ነበር። እኩዮቿ አንድ በአንድ ዓረብ አገር እየሄዱ ስለነበር፣ ይህ ሥራ ከያዘላት አትሄድብኝም እያልኩ ከቤተ ክርስቲያን ስመለስ የሱቋን በር ሳይቀር እስም ነበር። ታዲያ ያገለገለ ፕሪንተር ከአዲስ አበባ ብታስመጣ ኮምፒውተሯ አላወቀውም። ስትታገለው ሰነበተችና አንድ ቀን ፊቷን በእጇ ሸፍና፣ "እማ፣ ድራይቨር ከሌለው አይሠራም፤ እሱም ያለው ወልድያ ነው። ይኼ ካልሆነ ፓስፖርቴን አወጣለሁ" አለችኝ።

እኔ ከአራተኛ ክፍል ያቋረጥኩ ሰው ብሆንም፣ ድራይቨር ማለት ሾፌር መሆኑን ከአስጎብኚዎቹ አፍ ለቅሜ አውቅ ነበር። ነጠላዬን አጣፍቼ መናኸሪያ ወረድኩና የወልድያውን ሚኒባስ ሾፌር ሙሄን ከምሳው ላይ አንስቼ ይዤው መጣሁ።

"ይኸው ድራይቨር! ወልድያ ድረስ ምን ያስኬድሻል?"

ሰናይት ሙሄን አየች፣ እኔን አየች፣ ከዚያ ከወንበሯ እስክትወድቅ ሳቀች። ድራይቨር ኮምፒውተሩን ከፕሪንተሩ ጋር የሚያግባባ፣ እንደ አስተርጓሚ ያለ ነገር መሆኑን ስታስረዳን ሙሄ፣ "ወላሂ እትዬ፣ እኔ እንዲህ ያለውን ነድቼ አላውቅም" አለ። ግን ደግ ሰው ነውና ከወልድያ ኢንተርኔት ቤት ሊያስጭንላት ፍላሿን ተቀበላት።

መጀመሪያ ያመጣው የሌላ ፕሪንተር ሆነና፣ ወረቀቱ ላይ የወጣው ፊደል የየትም አገር አልነበረም። ያኔ ዕቃውን መንካት እንኳ የምፈራው እኔ፣ ፕሪንተሩን ገልብጬ ከጀርባው ያለውን ቁጥር ሙሄን በቃሉ አስጠናሁት። እንዳይጥላት ብዬ ፍላሿን በማተብ ክር አስሬ አንገቱ ላይ ላጠልቅ ስል፣ "እስላም ነኝ እኮ እትዬ!" ብሎ ሳቀና የመኪናው መስታወት ላይ ከሙስበሃው፣ ከመቁጠሪያው ጎን አንጠለጠላት።

ሲመለስ ያመጣው ትክክለኛው ነበር። ፕሪንተሩ አጉረመረመና ወረቀቱን ሳበ። ሰናይት መጀመሪያ ያወጣችው የእኔን ስም ነበር፤ ከነአባቴ፣ ከነአያቴ። ፊደል እየቆጠርኩ አነበብኩት። ፓስፖርት የሚባል ነገር ከዚያ ወዲያ አልተነሣም። የሆቴሉም የማኅበሩም ወረቀት ከልጄ እጅ ሲወጣ፣ ገበያ ውስጥ አንገቴን ቀና አድርጌ መሄድ ለመድኩ።

ዛሬ ሰናይት ዋናው መንገድ ላይ ሰፊ ቤት አላት። ኮምፒውተሩ ድራይቨሩን ራሱ ፈልጎ ያወርዳል፤ ምሳውን ጥሎ የሚመጣ ሰው አያስፈልግም። ሙሄም ዓይኑ ደክሞ መንዳት ካቆመ ቆየ።

ፍላሿን ወስጄ ሰጠኋት። ኮምፒውተሩ ላይ ሰክታ ጥቂት ጠበቀችና፣ "እማ፣ አላወቃትም" አለችኝ።

ተቀብያት ክሯን አጠበቅሁ። እኔ አውቃታለሁ።